የማያገለግል ተብሎ የተሸጠልኝ ሞተር

ጉዳዩ በጠቅላላው አራት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ብርና አንድ የፊት ጥርስ አስወጥቶኛል። ብሩን እስከ ሳንቲሙ አውቀዋለሁ፤ ነጋዴ ነኝ። ጥርሱን ግን በየትኛው ረድፍ እንደምጽፈው እስከ ዛሬ አልወሰንሁም። «የዕቃ ብልሽት» ልበለው ወይስ «ለአብዮቱ በፈቃደኝነት የተሰጠ መዋጮ»? ያን ጊዜ በፈቃደኝነት የማይሰጥ ነገር ስላልነበረ ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም።

ዘመኑ አሜሪካ ድንገት ጠላት፣ ሩሲያ ድንገት ወንድም የሆነችበት ነው። እኔ ባሕር ዳር ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና ምስማር እሸጥ ነበር። ትምህርቴ ፊደልና ጥቂት ዳዊት ከቤተ ክህነት፣ የቀረው ከሚዛን ነው። በስብሰባ ላይ «ንዑስ ከበርቴ» ይሉን ነበር። ሌሎቹን ነጋዴዎች የምታስፈራቸው «ከበርቴ» የምትለዋ ቃል ነበረች፤ እኔን ቅር ታሰኘኝ የነበረችው «ንዑስ» የምትለዋ ናት።

ነገሩ የተጀመረው በወፍጮ ነው። አንድ ሱቁን ዘግቶ ወደ ዘመዶቹ አገር የሚሄድ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮውን በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ጣለልኝ። ርካሽ ነበር፤ ለምን እንደረከሰ ሳልጠይቅ ገዛሁ። ቆይቶ ገባኝ። ኤሌክትሪክ ባለበት ሁሉ ወፍጮ ሞልቷል፤ ወፍጮ በሌለበት ደግሞ ኤሌክትሪክ የለም። ቁንዝላን እዩ። ከሐይቁ ማዶ፣ ጀልባ ሲቆምባት ብቻ የምትነቃ ከተማ ነች። እህል እንደ ልብ፣ ዓሣ እንደ ልብ፤ መብራት የሚሉት ግን ጨረቃን ነው። ሴቶቹ በእጅ ይፈጫሉ፤ ጉልበት ያነሳቸው አህያ ጭነው ግማሽ ቀን ይጓዛሉ። ወፍጮዬን እዚያ ብተክለው የሚወዳደረኝ የለም። የጎደለችኝ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ኤሌክትሪክ።

ስለዚህ ለማይሠራ ወፍጮ የማይሠራ ጄኔሬተር ገዛሁለት።

ጦሩ ከአሜሪካ ያገኛቸውን የናፍጣ ጄኔሬተሮች እያወጣ በጨረታ ይሸጥ ነበር። መለዋወጫቸው ከጠላት አገር የሚመጣ ስለሆነ አንዲት ማጣሪያ ስትደፈን ጄኔሬተሩ በሙሉ ፀረ አብዮት ተብሎ ይጣላል። ግምጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው አየኋቸው፤ አረንጓዴ ቀለማቸውና የበቀለባቸው ሣር አልለይ ብሎኝ አንዱ ላይ ተደናቀፍሁ። የተደናቀፍሁበትን መረጥሁ። ዕቃውን የሚያስረክበው ወጣት መቶ አለቃ ዝርዝሩን ይዞ ከፊቴ ይሄዳል።

«መቶ አለቃ፣ ይነሣል?» አልሁት።

«ቢነሣ እንሸጥልህ ነበር?»

«ከሌሎቹ ግን አይሻልም?»

«ሁሉም እኩል ናቸው። ለምን ታገልን ታዲያ?» አለኝ።

አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ከፈልሁ። በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝ። ዓይነት፦ የናፍጣ ጄኔሬተር። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ የማያገለግል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው። ነጋዴ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሲያገኝ የሚተኛው የተለየ እንቅልፍ አለ፤ ያን ዕለት እሱን ተኛሁ።

ጠጋኙን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰባታሚት አገኘኋቸው። ሃምሳ አለቃ ይባላሉ፤ ስም ሳይኖራቸው አይቀርም፣ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ግን አልሰማሁም። ሃያ ስምንት ዓመት በጦሩ ጋራዥ ሠርተዋል። ሙያውን ያስተማሯቸው አሜሪካኖች ነበሩና የሩሲያ ሞተር ሲመጣ ከአሮጌዎቹ ሞተሮች ጋር አብረው ወጡ። የተሰናበቱበትን ወረቀት አሳይተውኛል። «ለውትድርና የማያገለግል» ይላል። ከእኔ ደረሰኝ ጎን ብታስቀምጡት ታይፑም አንድ፣ ማኅተሙም አንድ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎንም በጨረታ ቢሸጡዎት እገዛዎት ነበር» ብዬ ቀለድሁ።

አልሳቁም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው መለሱት። እኔ ደግሞ ቀልዴ ስላልተሳካ ብቻ ቅር አለኝ፤ ሌላ ነገር ልብ አላልሁም።

ጄኔሬተሩ ከጭነት መኪናው ላይ ወርዶ ደጃቸው ሲቀመጥ ዙሪያውን ዞሩ። ቀለሙን በጥፍራቸው ፍቀው ቁጥሩን አነበቡና «ይችንማ አውቃታለሁ» አሉ።

«ከየት ያውቋታል?»

«ሁለት ጊዜ ከፍቻታለሁ። እንዴት እንደገደሏት ሳልከፍት ልንገርህ? ዘይት ሳይቀይሩላት ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ብረቱን ዳሰስ አደረጉና «አይዞሽ» አሏት። ለእኔ አይዞህ ያለኝ የለም፤ ያን ቀን ለመኪና ብቻ ስንት እንደከፈልሁ ሲያዩ ነበር።

ሁለት ወር ፈጀ። መጀመሪያ የአየር ማስገቢያውን ሲከፍቱ የአይጥ ጎጆ ወጣ። አይጧ ጎጆዋን የሠራችው ከመሥሪያ ቤት መመሪያ ነው፤ ቁራጩ ላይ «በአስቸኳይ ተግባራዊ እንዲደረግ» የሚለው ይነበባል። በዚያ ዘመን መመሪያ ተግባራዊ ሲሆን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ከሞተሩ ራስና ከአካሉ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ተቃጥሎ ነበር። አዲሱ ያለው አሜሪካ ነው። ሃምሳ አለቃ መዳብ አምጣ አሉኝ፤ መዳብ ገበያ ውስጥ የለም። ቤቴ ግን ባለቤቴ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው የመዳብ መታጠቢያ ሳህን ነበረ። ከዚህ በላይ አልተርክም። ማሸጊያው በእሳት ለስልሶ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በልኩ ተበስቶ ሲያልቅ እንደ ጌጥ ያምር ነበር። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም፤ የሳህኑን ዋጋ ከላይ ካለው ሒሳብ ውስጥ ያላስገባሁትም የዝምታ ዋጋ ስለማይታወቅ ነው።

ፒስተኑ ላይ የሚገቡት ቀለበቶች ተሰባብረው ነበር። ከተጋጨ የጭነት መኪና የወለቁ ገዛሁ፤ ትንሽ ይበልጣሉ። ሃምሳ አለቃ አንድ በአንድ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ በሞረድ እየላጉ አራት ቀን ተቀመጡ። የናፍጣ መርጫውን ፓምፕ የፈቱ ዕለት ደግሞ ነጭ ነጠላ አንጥፈው ነው። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ «ቁም!» ብለው ጮሁ።

«ምን አደረግሁ?»

«አቧራ ታስነሣለህ። ናፍጣው ውስጥ ከሚገባ ዓይኔ ውስጥ ይግባ።»

ፓምፑ እስኪገጠም ከሩቅ ቆሜ ነው ያየሁት። በገዛ ንብረቴ ላይ የሰፈረ ሰው ያየሁት ያኔ ነው መጀመሪያ። ሁለተኛውን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

ባትሪ ስላልነበረን ሞተሩ የሚነሣው ፊት ለፊቱ በሚሰካ የብረት እጀታ በማዞር ነው። ሃምሳ አለቃ ወገባቸውን ያማቸዋልና አዟሪው እኔ ሆንሁ። አስጠነቀቁኝ። «አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርግ፤ እጀታውን አትቀፍ። ሲነሣ ወደ ኋላ ይመታል። ፊትህንም አርቅ።» አውራ ጣቴን አዳንሁ። ስለ ፊቴ የተናገሩትን ሳስብ ብረቱ አፌ ላይ ደረሰ።

«ተነሣች!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ጥርሴ!» አልሁ።

«እሱ ይቆየን፤ ስማት እንጂ!»

አንድ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ አንድ ጫፉን ጆሯቸው ላይ ያደረጉት ዱላ ነበራቸው፤ በዚያ ያዳምጡ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ደም እየተፋሁ ፊታቸውን አየሁ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ማኅሌት ላይ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ጄኔሬተሩን በጀልባ ወደ ቁንዝላ አሻገርነው። ባለጀልባው «ወታደራዊ ዕቃ ነው» ብሎ እጥፍ አስከፈለኝ፤ ወታደር ቢሆንማ በነፃ ነበር የሚሄደው። ወፍጮው ተተከለ። አሥራ አንድ ሳምንት ፈጨን። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፤ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ጆንያ ደርድረው ይጠብቃሉ። አንዷ ወይዘሮ ዱቄቷን በመዳፏ ይዛ ጉንጯ ላይ አስነካችና «ሙቅ ነው፣ እንደ ሕፃን» አለች። ገንዘቤ በሌላ አሥራ ስድስት ወር እንደሚመለስ አሰላሁ። ያለኝ ሁሉ እዚያ ብረት ውስጥ ነበር፤ የሱቁ ዕቃ እንኳ አልቆ መደርደሪያው ላይ የቀረው ሳሙና ብቻ ነው።

ያጠፋሁት ጥፋት አንድ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ አንድ አምፖል ሰቀልሁ።

አምፖሉን ለማየት ሰው መጣ። ሰው ሲመጣ ወሬው ሄደ። ወሬው ሲሄድ ከበላይ የተላከ የንብረት አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር መጣ። ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፣ ካኪ የለበሰ፣ ሲናገር አየሩን በእጁ የሚቆርጥ ሰው ነው። የአብዮቱ በዓል ሊከበር ወር ቀርቶታል፤ ሐይቁ ዳር መድረክ ሊሠራ፣ ድምፅ ማጉያና መብራት ሊተከል ለአለቆቹ ቃል ገብቷል። መብራቱን ከየት እንደሚያመጣ ግን አላሰበበትም ነበር። አምፖሌን ቀና ብሎ አየ። ማሰብ ሲጀምር አየሁት።

«ወረቀት አለህ?» አለኝ።

«አለኝ፣ ጓድ።» ደስ እያለኝ ሰጠሁት።

አነበበው። እንደገና አነበበው። «የማያገለግል ይላል።»

«አዎ።»

«ይህ ግን ያገለግላል።»

«አስጠግኜው ነዋ።»

«ተረጋጋና ስማኝ። መንግሥት የሸጠልህ የማያገለግል ነው። ይህ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ይህ መንግሥት የሸጠልህ አይደለም።»

«የመንግሥቱ የት ሄደ ታዲያ?»

«እሱን የምታስረዳው አንተ ነህ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ በሃያ ዓመት ንግዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ኮሚቴው መጥቶ ይመረምራል፤ የሚጻፈውም በዚያ ቀን የታየው ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ከተነሣ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የጦር ንብረት ነው፤ ይወረሳል፣ እኔም እጠየቃለሁ። ካልተነሣ ወረቀቱ እውነት ነው፤ የእኔ ሆኖ ይቀራል። ሞተሩ ከሠራ ሌባ ነኝ፤ ካልሠራ ጨዋ ነኝ።

በማግሥቱ ጀልባ ይዤ ባሕር ዳር፣ ግምጃ ቤቱ ሄድሁ። መቶ አለቃው አልረሳኝም።

«ሲሸጥ የማያገለግል ነበር፣ በኋላ ተጠግኖ የሚያገለግል ሆነ ብለህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ» አልሁት።

«እኔ የሚያገለግል ንብረት የመሸጥ ሥልጣን የለኝም።»

«ስትሸጠው አያገለግልም ነበራ!»

«እኔ አሁን ነው የምጽፈው። አሁን ያገለግላል አላልኸኝም?» ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ። «ይህን ብጽፍልህ አንተና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንገናኘው። ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው።»

ከዚያ ወጥቼ ፊደል ያስቆጠሩኝ መርጌታ ዘንድ ሄድሁ፤ ከሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ፤ መጻሕፍትም ይገለብጣሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ምን ትፈልጋለህ፣ ልጄ?»

«መርጌታ፣ ይህ ማ ሚ ቢሆንልኝ እድናለሁ።»

«አየህ፣ ማ ባዶ እግሩን የቆመ ነው» አሉኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚያስተምሩኝ አድርገው። «እግሩ ሥር ይችን ታህል ጫማ ስታደርግለት ሚ ይሆናል። ከራብዕ ወደ ሣልስ አንዲት ጭረት ናት።»

«እሷን ጫማ ያድርጉልኝ ታዲያ። ቀለም አለዎት፣ ብዕር አለዎት።»

«ነፍስም አለችኝ። እሷን ምን ላድርጋት?» ወረቀቱን መለሱልኝ። «እኔ ራሴ በስብሰባ ‹የማያመርት› ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። እዚያም ማ ናት ያለችው። ለራሴ ማ ጫማ ያላደረግሁትን ለሞተር አደርጋለሁ? ሂድ፤ እጸልይልሃለሁ።»

ጸሎቱን ተቀበልሁ፤ ነጋዴ በነፃ የተሰጠውን አይመልስም። በዚያው ሰባታሚት አልፌ ሃምሳ አለቃን ይዣቸው ተሻገርሁ። ጀልባው ላይ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸውና በመጨረሻ ዋናውን አወጣሁት።

«ያበላሹልኝ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። ለአንድ ቀን ብቻ።»

ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ሞተር አበላሽቼ አላውቅም። ለአንተ ብዬ አልጀምርም።»

«ቢነሣ ይወስዱታል፤ እኔም እታሰራለሁ። ያለኝ ሁሉ እኮ እሱ ነው።»

ጀልባው ቁንዝላ ሲጠጋ፣ «አየር ላስገባባት» አሉ።

የናፍጣ ሞተር ጠባዩ እንዲህ ነው። ናፍጣው በሚሄድበት ቧንቧ ውስጥ ጥቂት አየር ከገባ፣ ዝሆን ቢያዞረው አይነሣም። መድኃኒቱ አንዲት ብሎን ላላ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ነው፤ ለሚያውቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ፣ ለማያውቅ ግን ሞተሩ ሞቷል። ሃምሳ አለቃ ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ብሎኗን ፈተው አየር አስገቡና መልሰው አጠበቁ። «አየር ቁስል አይደለም» አሉ፣ ለሞተሯ እንጂ ለእኔ አይደለም። «እንደ ጾም ቁጠሪው።»

ኮሚቴው ሦስት ነው፦ ሊቀመንበሩ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ አንድ፣ በሁሉም ነገር የሚስማማ አንድ። የቁንዝላ ሰው ግማሹ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ እጀታውን አስያዛቸው። አዞሩ። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ደግመው አዞሩ። ላብ በላብ ሆኑ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እኔ በተቻለኝ መጠን ያዘነ ሰው መሰልሁ፤ ጥርስ የሌለው ፊት ለዚህ ይመቻል።

ሊቀመንበሩ ተናደደ። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«ማን ነው የጠገነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አንተ?»

በዚያ አገር እንዲያ ሸብቶ «አንተ» የሚባል ሰው የለም። ጎረምሶቹ እንኳ መሬት መሬት አዩ።

«ጦሩ ውስጥ ስንት ዓመት ነበርህ?»

«ሃያ ስምንት።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ምን ስትጠግን ኖርህ? የአሜሪካኖችን ብስክሌት?»

የሚስማማው ሰውዬ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ያዝ አደረጉ። እኔ እጅጌያቸውን ጎተት አድርጌ «ጨረስን እኮ፣ ትንሽ ብቻ ዝም ይበሉ» አልሁ በጆሯቸው።

እውነትም ጨርሰን ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ጻፍ። ጄኔሬተሩ የማያገለግል መሆኑ ተረጋግጧል።» ጸሐፊው ጻፈ። ማኅተሙ ወጣ፤ ሊቀመንበሩ እፍ እፍ አለበት። እዚህ ላይ ማኅተሙን ቢያሳርፍ ኖሮ ይህን የምጽፈው ሀብታም ሆኜ ነው። እሱ ግን አንድ ነገር ቀረኝ አለ።

«ቆይ፣ ጨምርበት። ሞተሩ ብቻ አይደለም። ሰውዬውም የማያገለግል ነው ብለህ ጻፍ።»

ሰው ሳቀ። ጸሐፊው የምር ጻፈው።

ሃምሳ አለቃ እጄን ከእጅጌያቸው ላይ አነሡት። በቁጣ አይደለም፤ ዝንብ እንደሚያነሡ ነው። ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና ወደ ሞተሩ ሄዱ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እባክዎ!»

«ያዝ ኮቱን» አሉኝ።

መፍቻ ከኪሳቸው አወጡ። ብሎኗን ላላ አደረጉ፤ በእጅ የምትገፋዋን ትንሿን ፓምፕ ገፋ ገፋ ሲያደርጉ አረፋ ወጣ፤ ሰው ሁሉ አረፋውን ያያል። አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ ብሎኗን አጠበቁ። እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ ለሊቀመንበሩ ሳይሆን ለጎረምሶቹ፣ «አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጋር አድርጉ። አዙሩ» አሉ።

በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አምፖሌ በራ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሃምሳ አለቃ ሰው ሁሉ እያያቸው ዱላቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ኮታቸውን እንዳቀፍሁ ንብረቴ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ። ግን ለማን ልዋሽ? ያቺ ሞተር እንዲያ ጥርት ብላ ስትነሣ፣ ከመዳቡ ማሸጊያ እስከ ተላገው ቀለበት ሁሉ ነገሯ በቦታው ሆኖ ስሰማት፣ ሳላስበው ሳቅሁ። ሞኝነት ነው። ሊቀመንበሩ ሳቄን አየ።

«የማያገለግል አላልኸኝም ነበር?» አለኝ ሊቀመንበሩ። እሱም ግን ፊቱን መቆጣጠር አቅቶታል፤ መድረኩና መብራቱ ታይተውታል። ወደ ጸሐፊው ዞረ። «አስተካክለው።»

ጸሐፊው ቆጣቢ ሰው ነው፤ አዲስ ወረቀት አላወጣም። ማ ሥር አንዲት ጭረት አደረገ። ዝቅ ብሎም ሁለተኛዋ ማ ሥር ሌላ ጭረት አደረገ። ጄኔሬተሩ የሚያገለግል መሆኑ ተረጋግጧል፤ ሰውዬውም የሚያገለግል ነው። መርጌታ በነፍሳቸው የፈሩትን እሱ ሳይተነፍስ ሠራው። ከዚያ ማኅተሙ አረፈ።

«አንተ ደግሞ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ገለጡ። «እሱ ከሄደ እኔ አላስነሣትም።»

«ሌላ ሰው ያስነሣታል።»

«ይሞክራ» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን አጠፉት። ዝም ሲል የሐይቁ ድምፅ ተሰማ። «አሁን ያየኸውን የሚያውቅ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ እኔ ብቻ ነኝ። በዓልህ መቼ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሰውን ሁሉ አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ሃምሳ አለቃን አየ። ሲመልስ «እርስዎ» አለ።

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለ።

እኔ አልታሰርሁም። ጄኔሬተሩ «ለጊዜው በውሰት» ተወሰደ። ሃምሳ አለቃም «የጄኔሬተር ኃላፊ» ተብለው በወር ደመወዝ ተቀጠሩ። በበዓሉ ቀን መብራቱ እንዳልጠፋ፣ ድምፅ ማጉያውም እንዳልተቋረጠ ሰማሁ፤ ንግግሩ አራት ሰዓት ፈጅቷል። አራት ሰዓት ሙሉ የነደደው ናፍጣ ወፍጮ ቤት የነበረኝ በርሜል ነው፤ እሱን ሲወስዱ ውሰት እንኳ አላሉትም።

ወር ቆይቶ ሃምሳ አለቃ ሱቄ መጡ። አዲስ ካኪ ለብሰዋል፤ ደረት ኪሱ ላይ ቁልፍ አለው። ተቀመጡ።

«ተቀይመኸኛል» አሉ።

«አዎ።»

«ልክ ነህ። ዘይቷን በጊዜው እቀይርላታለሁ።»

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል? የእኔ እኮ አይደለችም።»

«ለሌላ ለማን ልንገር?» አሉ።

ሻይ አስመጣሁላቸው። ስለ ቀለበቶቹ አወሩልኝ፤ አንዱ ትንሽ ይጮሃል አሉ፤ ሰማሁ። ሲወጡ ሳሙና አንድ ሰጠኋቸው፣ ከእጅ ላይ ናፍጣን ሌላ ነገር አያስለቅቀውም። ደመወዝ ያለው ሰው ቢሆኑም ዋጋውን አልተቀበልሁም። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ ባለቤቴም ጠይቃኛለች።

ውሰቱ ስንት ዓመት እንደሆነ ወረቀቱ አይልም። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገባሁ። የመጀመሪያው ጠፋ፤ ለሁለተኛው «በመታየት ላይ ነው» ተባልሁ። ወፍጮውን ከቁንዝላ መልሼ ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ላለው ሰው ሸጥሁት፤ ለምን እንዳረከስሁት አልጠየቀኝም።

ወጪ፣ አራት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ብር። ከአሥራ አንድ ሳምንት ወፍጮ የገባ፣ ስድስት መቶ አሥር ብር። ወፍጮው የተሸጠበት፣ ዘጠኝ መቶ ብር። ጄኔሬተሩ አልተመለሰም። ኪሳራ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር።